አቧራማ የትምህርት ቤት ግቢ፦ ሲሚንቶ እናፍስበት ወይስ ዛፍ እንትከልበት? (አዳማ)

ወላጅ ከአዳማ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ በሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ አለሁ። ዘንድሮ ግቢውን ለማስተካከል ወላጁ ብር አዋጥቷል። ግቢው ሰፊ ነው፣ ግን ባዶ ሜዳ ነው። በጋ ላይ ነፋሱ ሲነሳ አቧራው ክፍል ድረስ ይገባል፣ በእረፍት ሰዓትም ልጆቹ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነው የሚያሳልፉት። አብዛኛው የኮሚቴ አባል ሲሚንቶ እናፍስበት፣ ከተረፈን የብረት ሸርተቴና ዥዋዥዌ እንግዛ ይላል። እኔ ደግሞ ልጆቹ ከአፈርና ከዛፍ ጋር የሚጫወቱበት፣ አስተማሪውም ወጣ ብሎ የሚያስተምርበት ግቢ ቢሆን ነው የምፈልገው። በአዳማ ሙቀትና በውሃው ችግር ይሄ ይሆናል? ከየት እንጀምር?

ችግኝ ጣቢያ
ይሆናል ወንድሜ፣ በደንብ ይሆናል። ሲሚንቶውን ግን ከአሁኑ አስቁም። አዳማ ላይ ሲሚንቶ ከረፋዱ ጀምሮ ሙቀት ሲሰበስብ ይውልና ከሰዓት መልሶ ልጆቹ ላይ ይለቀዋል፣ ዝናብ ሲመጣም ውሃው የሚሰርግበት ያጣና ወይ ክፍል ይገባል ወይ ጎረቤት ያጥለቀልቃል።

መጀመሪያ ጥላ። ሌላው ሁሉ ኋላ ይደርሳል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች እዩ፣ ፊታቸውን የሚያዞሩት ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነው። አቧራ በሚበዛበት ወር ወዴት እንደዞሩ አይታችሁ በዚያ በኩል ጥቅጥቅ ያለ የተክል አጥር አድርጉ። የጥላ ዛፍ ደግሞ ከመጫወቻው በስተምዕራብ ይሁን፣ የምታቃጥለው የከሰዓቷ ፀሐይ ናት።

ኒም ሙቀትና ድርቅ ይችላል፣ ቶሎም ያድጋል (ፍሬውን እንዳይበሉ ብቻ ለልጆቹ ንገሯቸው)። ዋንዛ ጥላውም ፍሬውም ጥሩ ነው። ሽፈራው ቅርንጫፉ በቀላሉ ስለሚሰበር ልጆች ሊወጡበት አይገባም። ቅንጭብ ለአጥር እንዳታስቡ፣ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው። ጉሎና አስተናግር ካለም ከነሥሩ ንቀሉት፣ ፍሬያቸው መርዝ ነው።

ለውሃው፣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ትንሽ ቦይ ቆፍራችሁ ወደ ዛፎቹ ምሩት። ሐምሌ ላይ ስትተክሉ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነውና ጥበቃውን አሁኑኑ አነጋግሩት። ፍየል አንድ ቀን ከገባች ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ።

የኬጂ መምህርት
ለትንንሾቹ ብዙ ዕቃ አትግዙ። እቃ እቃ የሚጫወቱበት ጥግ ስጧቸው፦ ለስላሳ አፈር፣ ትንሽ ውሃ፣ ጣሳ፣ ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ቁርጥራጭ እንጨት። እኔ ክፍል ውስጥ ቁጥር ስትጠየቅ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ አለች። ውጪ ጭቃ እያቦካች "ሦስት ጣሳ ዱቄት፣ አንድ ጣሳ ውሃ፣ አንተ ቶሎ አምጣ እንጂ!" እያለች ጓደኞቿን ስታዝዝ ብታዩዋት ሌላ ልጅ ናት የምትመስለው።

ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም። ዴንማርክ ውስጥ ሶረንሰን የሚባል የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ልጆች እሱ ከሠራላቸው መጫወቻ ይልቅ የግንባታ ቦታ ፍርስራሽ ላይ ሲጫወቱ ያያል፣ ከዚያም በ1943 ኮፐንሃገን ውስጥ ጣውላና ሚስማር የተሞላ መጫወቻ ተከፈተ፣ ነገሩም ወደ ብዙ አገር ተስፋፋ።

ለትምህርቱ ደግሞ ዛፍ ሥር በግማሽ ክብ የድንጋይ መቀመጫ አሠሩ (ግንድ ምስጥ ይበላዋል)። ፀሐይዋ ከልጆቹ ጀርባ ትሁን፣ ፊት ለፊት የምትመታው አስተማሪውን ይሁን። አንድ እንጨት አቁሞ ጥላውን በየሰዓቱ መለካት፣ በተቆረጠ ሃይላንድ የዝናብ ውሃ መስፈር፣ ይሄ ሁሉ ሒሳብም አካባቢ ሳይንስም ነው።

የሁለት ልጆች እናት
ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጭቃ የነካ ዩኒፎርም በየቀኑ ማን ያጥባል? ልጅ ከዛፍ ወድቆ እጁ ቢሰበር ማነው የሚጠየቀው? ደግሞ ልጄን የምልከው እንዲማርልኝ ነው። ጨዋታማ ሰፈርም አለ።

ነርሷ
እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፣ መልስ ግን አለው። ለጭቃው የአባት አሮጌ ሸሚዝ ከዩኒፎርሙ በላይ ይለበሳል። ለመውደቁ፣ በጣም የሚያስፈራኝ የብረት ዥዋዥዌ ሲሚንቶ ላይ መትከል ነው። ከሥሩ አሸዋ ያስፈልጋል። 23 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አሸዋ እንኳ የሚያገለግለው እስከ 1.2 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ነው፣ እየተረገጠ ስለሚሸሽም ቶሎ ቶሎ መሙላት ይጠይቃል። የብረት ሸርተቴ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ቆዳ ያቃጥላል፣ የኛ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ወዴትም ብታዞሩት ያለ ጥላ አይሆንም። ዛፍ መውጣትን ከአዋቂ ቁመት በማይበልጥ ቅርንጫፍ ወስኑት።

አሮጌ ጎማ የምትጠቀሙ ከሆነ አፈር ሙሉት ወይም ብሱት። ውሃ ከቋጠረ ትንኝ ይራባበታል፣ አዳማ ላይ ስለ ወባ ማንም መንገር አያስፈልገውም።

ሰፈር ውስጥ ይጫወታል ላልሽው፣ ስንቱ ልጅ ነው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ስልክና ቲቪ ላይ የሚተከለው? ቻይና ጓንግዡ ውስጥ በ12 ትምህርት ቤቶች የተሠራና በ2015 የታተመ ጥናት አለ። በቀን 40 ደቂቃ ተጨማሪ የውጪ ሰዓት ከተሰጣቸው የ1ኛ ክፍል ልጆች በ3 ዓመት ውስጥ ሩቅ ያለውን አጥርቶ ያለማየት ችግር የያዛቸው 30 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው ውስጥ ግን 40 በመቶ ገደማ ናቸው። ጥቁር ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ምኑን ይማራል?

ወላጅ ከአዳማ
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ለስብሰባው የማቀርበው ይሄ ነው፦ ዘንድሮ አጥር፣ ዛፍና ቦይ፣ የእቃ እቃ ጥግና የድንጋይ መቀመጫ። ዥዋዥዌው ጥላ ከተገኘ በኋላ ይታያል። የሸሚዟንም ነገር እናቶቹ ይወዷታል ብዬ አስባለሁ። ችግኝ ጣቢያ፣ ከፍ ያለ የኒም ችግኝ አላችሁ ወይ? ካላችሁ ዋጋውን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።