አስቸኳይ፦ የፊልም ነጥቦቼ ተደበላለቁብኝ፣ የሚመለሱበት መንገድ አለ?

ነጭ ሸራ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ኤክሴል የምትችሉ ቶሎ ድረሱልኝ። ያየሁትን ፊልም ሁሉ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እየመዘገብኩ ከ10 ነጥብ እሰጣለሁ፤ አሁን 1,340 ደርሷል። ዛሬ ጠዋት ከትልቁ ወደ ትንሹ ላሰልፈው ብዬ ሶርት ስለው የነጥቡ አምድ ብቻ ተሰልፎ የፊልሞቹ ስም ባለበት ቀረ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ ብሎ ነበር፣ ሳላነብ አለፍኩት። ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ማታ ስከፍተው ከላይ ያሉት ሁሉ 10፣ መጨረሻ ያሉት ሁሉ 2 እና 3 ሆነዋል። 9.5 የሰጠሁት «ጤዛ» 6 ይላል። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ተሰብስበን የየራሳችንን ምርጥ 20 እናነብባለን። ምን ላድርግ?

የሳሪስ ልጅ፦
ኮንትሮል ዜድ በለው ወንድሜ፣ ይመለሳል።

ነጭ ሸራ፦
ዘግቼዋለሁ እኮ። ሞከርኩት፣ እንቢ አለ።

ቀመር፦
መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርገህ በሌላ ስም አስቀምጥ፤ ከዚህ በኋላ ዋናውን አትንካው። ያ ማስጠንቀቂያ «ሌሎቹንም አምዶች አብሬ ላንቀሳቅስ ወይስ የመረጥከውን ብቻ?» ነበር የሚልህ፤ አንተ ሁለተኛውን ነክተሃል። ፋይሉ የት ነው ያለው? ዋንድራይቭ ወይም ጉግል ሺትስ ላይ ከሆነ «ቨርዥን ሂስትሪ» ገብተህ የትናንቱን ትመልሳለህ፣ አለቀ። ላፕቶፕህ ላይ ብቻ ከሆነ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክተህ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ፕሪቪየስ ቨርዥንስ» የሚለውን እይ። ዊንዶውስ ቀድሞ ቅጂ እንዲይዝ ካልታዘዘ ግን እዚያ ምንም አታገኝም።

ነጭ ሸራ፦
ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። አየሁት፣ ባዶ ነው።

ጋሽ ፕሮጀክተር፦
ልጄ፣ አትዘን። እኔ ግን ከመጀመሪያው ፊልምን በቁጥር መመዘን አይዋጥልኝም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲያገኝ ከአስር ስንት ተብሎ አልወጣለትም። አንድ ፊልም ወይ አብሮህ ቤት ይገባል፣ ወይ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ይቀራል። አሜሪካዊው የፊልም ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ራሱ በጽሑፉ እስከ አራት ኮከብ ይሰጥ ነበር፤ ሰው ያስታወሰለት ግን ኮከቡን ሳይሆን ጽሑፉን ነው። 9.5 እና 9 መካከል ያለውን ልዩነት አንተ ራስህ ከአምስት ዓመት በኋላ ታስረዳለህ?

እሙ ዲሲ፦
ጋሼ፣ ልጁ ቸኩሏል፤ ክርክሩን በኋላ እናድርገው። ወንድሜ፣ እኔ ሌተርቦክስድ በሚባለው የፊልም መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ነው የምመዘግበው፤ መረጃህን በፋይል አውርደህ መያዝ ትችላለህ፣ እንዲህ አይነት ጣጣ የለበትም። ኮከቡ ግን ከግማሽ እስከ 5 ስለሆነ 10 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ያንተ 9.5 ወይ ወደ 9 ወይ ወደ 10 መጠጋት አለበት። አይኤምዲቢ በሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይም ነጥብ ሰጥተህ የምታውቅ ከሆነ እዚያም የሰጠኸውን ከነቀኑ ማውረድ ይቻላል። አካውንት የለህም?

ነጭ ሸራ፦
የለኝም እህቴ፣ ሁሉም ያለው እዚህ ፋይል ላይ ነው።
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ነጥቤን ዝም ብዬ ከአየር አላመጣውም። ታሪኩ ከ4፣ ትወናው ከ3፣ ቀረጻው ከ2፣ ድምፁ ከ1 ብዬ በየአምዱ ጽፌ ነው የምደምረው። ልቤን የነካው ላይ ግማሽ እጨምራለሁ። ከፊልሙ እንደወጣሁም አልሰጥም፤ ሦስት ቀን ቆይቼ ነው፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ትዕይንት ሲሞቅ ሁሉም 9 ይመስለኛል።

ቀመር፦
ቆይ ቆይ። በየአምዱ ነው ያልከው? አራቱ አምዶች አሁንም አሉ? እነሱንም ሶርት አድርገሃቸዋል?

ነጭ ሸራ፦
አሉ። አልነካኋቸውም። ድምሩን በጭንቅላቴ አስልቼ ነበር የምጽፈው።

ቀመር፦
በል እፎይ በል! ከፊልሞቹ ስም ጎን አልተንቀሳቀሱም ማለት ነው። በኮፒው ላይ አዲስ አምድ ክፈትና የአራቱን ድምር በቀመር አስገባ፣ ከዚያ እስከ ታች ጎትተው። ነጥብህ ተመለሰ። ያቺን ግማሽ ነጥብ ለየትኞቹ እንደጨመርክ የሚነግርህ ምልክት አለ?

ነጭ ሸራ፦
የፊልሙን ስም ቢጫ አደርገዋለሁ። ቢጫው አለ! እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን በአራት አምድ መከፋፈል የጀመርኩት ከ2010 ወዲህ ነው። ስቆጥር 865 ፊልም ተመለሰ፣ የቀድሞዎቹ 475 ነጥብ ብቻ ናቸው።

እሙ ዲሲ፦
ለሰው ልከኸው አታውቅም? ቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅስ» ውስጥ ፈልግ። እኔ ያጣሁትን ሁሉ የማገኘው እዚያ ነው።

የሳሪስ ልጅ፦
እኔ ድምፅን ከ1 ብቻ ማድረግህ ነው የገረመኝ። የአማርኛ ፊልም ስንት ጊዜ በድምፅ ነው የተበላሸብን! ተዋናዩ ሲያለቅስ የጄኔሬተር ጩኸት ይሰማል፣ ያኔ የትወናው 3 ምን ይጠቅማል? ከ2 አድርገው።

ጋሽ ፕሮጀክተር፦
እሱ እውነት ነው። ደግሞ መከፋፈሉ ሌላ ጉዳት አለው፦ ሥዕሉ ያማረ፣ ድምፁ የጠራ፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ፊልም ሳታውቀው 7 ይሰበስብብሃል። በደካማ ካሜራ የተቀረጸ፣ ታሪኩ ግን ሕይወት ያለው ፊልም ደግሞ 6 ላይ ይቀራል። ያቺ ቢጫ ግማሽ ነጥብህ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ታማኝ ናት። እኔ ብሆን እስከ 2 አደርሳት ነበር።

እሙ ዲሲ፦
እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። ሰው የሃያሲያንን አስተያየት የሚሰበስበውን ድረ ገጽ፣ የሮተን ቶሜቶስን 90 በመቶ አይቶ «ከ10 9 አገኘ» ይላል፤ እሱ ግን ከአሥር ሃያሲ ዘጠኙ ወደዱት ማለት ነው፣ ምን ያህል እንደወደዱት አይነግርህም። ያንተ ቢጫ የሚነግርህ እሱን ነው።

ነጭ ሸራ፦
እህቴ ትክክል ነሽ፣ አገኘሁ! በ2009 ለአንድ ጓደኛዬ የላክሁት ፋይል ቴሌግራም ላይ አለ። 390 ፊልም ይዟል። ቅደም ተከተሉ ግን ከአሁኑ ጋር አይገጥምም።

ቀመር፦
ቅደም ተከተሉ ችግር የለውም፣ ቪሉካፕ በሚባለው የኤክሴል ቀመር ስሙን እየፈለገ ነጥቡን ያመጣልሃል። ስምን ብቻ አትጠቀም፤ አንድ ስም ያላቸው ፊልሞች ስላሉ የድሮው ነጥብ ለአዲሱ ይሄድብሃል። ስሙንና የወጣበትን ዓመት በአንድ አምድ አጣብቀህ በሱ ፈልግ። ቀመሩ መጨረሻ ላይ ዜሮ ማስገባትህን እንዳትረሳ፣ ካለዚያ ተቀራራቢውን ያመጣልሃል።
ከዚያ 85 ይቀሩሃል። እነሱንም ቢሆን በግምት አትሙላ። ያ የተበላሸው አምድ አሁንም 1,340ውንም ቁጥር ይዟል፣ ቦታቸው ነው የጠፋው። ካገኘኸው 1,255 ላይ ስንት 10፣ ስንት 9.5፣ ስንት 9 እንዳለ ካውንትኢፍ በሚባለው የመቁጠሪያ ቀመር ቁጠርና ከተበላሸው አምድ ቁጥር ላይ ቀንስ። የሚተርፉት 85 ቁጥሮች በትክክል የነዚያ 85 ፊልሞች ናቸው። ሁለት 9 ከተረፈ፣ ከ85ቱ የትኞቹን ሁለቱን እንደዚያ እንደወደድካቸው አንተ ታውቃለህ። መሐል ላይ ያሉት 6 እና 7 ካስቸገሩህ ባዶ ተዋቸው፤ ምርጥ 20 ውስጥ አይገቡም።

የሳሪስ ልጅ፦
ቀመር፣ ይሄን እኔም ለቤት ወጪዬ እወስደዋለሁ።

ጋሽ ፕሮጀክተር፦
ልጄ፣ ሲስተካከልልህ ሃያውን እዚህም ጻፍልን። ቢጫዎቹን ለይተህ።