የካይሮፕራክተሩ ተቆጣጣሪ ማን ነው?

ሰላም ለሁላችሁ፤ ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን ከመኪና አደጋ በኋላ ጠበቃቸው ወደ ካይሮፕራክተር (አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጁ እያስተካከለ ወደሚያክም ባለሙያ) እንደላኳቸው ገልጸው፣ በሕክምናው ቅር ቢሰኙ ለማን አቤት እንደሚሉ ጠይቀው ነበር። እኛ የሎስ አንጀለስ ሰዎች በጨዋታ «የፈረንጅ ወጌሻ» ማለት ስለለመድን፣ እንደ አገር ቤቱ ወጌሻ በዝናው ብቻ የሚሠራ ይመስለናል፤ ሆኖም ያለ ክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ማንም በካይሮፕራክተርነት ሊሠራ አይችልም።

በካሊፎርኒያ ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚያግደውም ሆነ የሚሰርዘው፣ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1922 በድምፁ ባጸደቀው ሕግ የተቋቋመውና መቀመጫው ሳክራሜንቶ የሆነው የካይሮፕራክተሮች ቦርድ ነው። አገረ ገዥው ከሚሾሟቸው 7 አባላት 5ቱ የሙያው ሰዎች፣ 2ቱ ከሙያው ውጭ ያሉ የሕዝብ ወኪሎች ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ባለሙያዎቹ መብዛታቸው ለእኔ እስካሁን አይዋጥልኝም።

እኔም አቤቱታ አቅርቤ አውቃለሁ። ጀርባዬን ተጎድቼ ስመላለስ መግቢያው ላይ ባለው ወረቀት በየጊዜው እፈርም ነበር፤ ሒሳቡ ሲመጣ ግን 9 ቀን የታከምኩት ሰው 14 ቀን እንደታከምኩ ተጽፎ አገኘሁት። ከትርፎቹ ቀናት አንዱ የስቅለት ዕለት ነበር፤ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፣ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ በዚያ ጀርባዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደዋልኩ ያላየኝ የለም። የሕክምና መዝገቤን ቅጂ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ በሕጉ መሠረት በ15 ቀን ውስጥ ሊሰጡን ይገባል። ከዚያ ልጄ በእንግሊዝኛ አስተካክላ የጻፈችልኝን አቤቱታ ከመዝገቡና ከቀን መቁጠሪያዬ ፎቶ ጋር ለቦርዱ ላክሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ቦርዱ ገንዘብ የሚያስመልስ ወይም ካሳ የሚያስከፍል እየመሰለው ነው። የቦርዱ ሥልጣን በፈቃዱ ላይ ነው፤ የሐሰት ሒሳብ፣ የቸልተኝነት ጉዳት፣ በታካሚ ላይ የሚፈጸም ነውር፣ እንዲሁም ከተፈቀደው ሥራ ማለፍ ሲኖር ያጣራል፤ ካይሮፕራክተር «ዶክተር» ተብሎ ቢጠራም መድኃኒት ማዘዝም ሆነ ቀዶ ጥገና ማድረግ እንደማይፈቀድለት ልብ ይሏል። ጉዳዩ ይፋዊ ክስ እስኪመሠረትበት ድረስ በምስጢር ስለሚያዝ፣ «ደብዳቤዬን የት ጣሉት» የሚያሰኝ ረጅም ዝምታ ያጋጥማል። የገንዘቡን ጉዳይ እኔ የጨረስኩት በጠበቃዬና በኢንሹራንሱ በኩል ነው።

እህታችን ገና ሕክምናውን ካልጀመሩ፣ የካይሮፕራክተሩን ስም በክፍለ ግዛቱ የፈቃድ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ፤ ፈቃዱ የጸና መሆኑና ከዚህ በፊት ቅጣት ተጥሎበት እንደሆነ በነጻ ይታያል። የተመላለሱባቸውን ቀናትም በራስዎ ደብተር ይያዙ፤ ባዶ ቅጽ ላይ ፈርሙ ቢባሉ ደግሞ አይፈርሙ።