ሰባት መስታወት፣ አንድ ነጥብ፦ የጋራ ማመልከቻችን ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማመልከቻው ዓርብ መግባት አለበት። የጠፈር ቴሌስኮፕ መስታወት እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪዎች የሚያሳይ ሞዴል መሥሪያ ነው የምንጠይቀው። ረቂቁ ርዕሱን "ትልቅ ግን ቀላል መስታወት" ብሎታል። ምን ትላላችሁ?

የፊዚክስ መምህርት፦ ክብደቱ ላይ ባንቆም ይሻላል። ታሪኩ ደስ ይላል፣ አልክድም። የሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ መስታወት ስፋቱ 2.4 ሜትር፣ ክብደቱ 828 ኪሎ ነው። ከሱ በኋላ የመጣው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ 6.5 ሜትር ነው፤ የተገጣጠመባቸው 18ቱ የቤሪሊየም (ቀላል ብረት) ቁራጮች ለብቻቸው ሲመዘኑ እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ገደማ ናቸው። ደምሩት፣ የሃብልን ግማሽ አይሞላም። ጀርባቸው ተፈልፍሎ የጎድን አጥንት ብቻ ነው የቀረላቸው። ተማሪ ግን ይህን ሰምቶ "እሺ" ብሎ ያልፋል። የማይረሳው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የሆነውን ነው። ቴሌስኮፑ ወደ አንዲት ኮከብ ዞረ፣ 18 ነጥብ መጣ! ቁራጮቹ ሁሉ ወደየፊናቸው ያዩ ነበር። ከዚያ በትናንሽ ሞተሮች እየነካኩ አንድ አደረጓቸው።

አናጢው፦ እሱን እኛም እንሞክረው። ቅዳሜ ሁለት ጎድጓዳ የመላጫ መስታወት ገዛሁ። ከየጀርባቸው ሦስት ሦስት ብሎን ከነሞላው ገጠምኩ። ከፊት ትንሽ አምፖል፣ አጠገቡ ነጭ ወረቀት። ሁለት ነጥብ ወጣ። ብሎኑን አንድ ዙር ሳዞረው ነጥቡ አንድ ጣት ያህል ሸሸ። ግማሽ ሰዓት ታግዬ ገጠምኳቸው፤ ልጄ በሩን ስትዘጋው ተንቀጠቀጡ። በነጋታው ተለያይተው አገኘኋቸው። የገጠምኩበት ቺፑድ ነው፤ እሱን እርጥበት ያሳብጠዋል፣ የአልሙኒየም ላሜራ ይጻፍልን።

ከጀርመን (የኦፕቲክስ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ። ነጥቦቹ ተደራረቡ ማለት አንድ መስታወት ሆኑ ማለት አይደለም። ከፍታቸውም ከብርሃን ሞገድ ርዝመት በታች በሆነ ልዩነት መግጠም አለበት፤ ያ በብሎን አይሆንም። ሞዴላችን የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ እንደሚያሳይ በግልጽ እንጻፍ። ደግሞ መስታወቶቹ ጉድጓዳቸው እኩል ይሁን። ደቡብ አፍሪካ ያለው ሳልት የተባለው ቴሌስኮፕ 91 አንድ ዓይነት ቁራጭ ነው የተጠቀመው፤ ዌብ ግን ሦስት ዓይነት ቅርጽ አስፈልጎታል። እኛ የሳልትን መንገድ እንያዝ።

ሰብሳቢ፦ ተስማማን። ርዕሱን ቀይሬዋለሁ። መስታወት ዘጠኝ ብዬ እጽፋለሁ፣ ሁለቱ መጠባበቂያ። ዋጋ ማን ይጠይቃል?

አናጢው፦ እኔ። አሥር በሉት፤ አንዱ ትናንት ከእጄ አምልጧል።