አሻራው ለእኛ ብቻ ነው እንዴ?

ከቱሉ ዲምቱ፦
ዛሬ ተከራከሩኝ። ገላን አካባቢ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው። መግቢያችን 1፡30 ነው፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ያረፈደ የግማሽ ቀን ደሞዝ ይቆረጥበታል። ማክሰኞ በዝናቡ መንገዱ ተዘጋግቶ ከሰርቪስ ወርደን ጭቃ ለጭቃ ሮጥን። አንዲት እርጉዝ ልጅ 1፡38 ደረሰች፣ ተቆረጠባት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ 3 ሰዓት ላይ መጥቶ የመግቢያ ሰዓታችንን በሚመዘግበው የጣት አሻራ ማሽን አጠገብ ዝም ብሎ አለፈ። እሱም አሻራ ማድረግ አለበት ባይ ነኝ።

ከአቃቂ፦
እህቴ፣ ልጅቷ አሳዝናኛለች፣ ግን አልስማማም። እኔ የፕሮዳክሽን ኃላፊ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንደ እኔ ያለውን የሥራ መሪ አይመለከትም። 8 የሥራ ሰዓት ሞላኝ ብዬ አልወጣም፣ ኦቨርታይምም አይከፈለኝም። ኮንቴይነር ሲጫን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የምቆመው እኔ ነኝ። እናንተ የምታዩት ጠዋት ሳረፍድ ብቻ ነው።

ከዱከም፦
ታዲያ አሻራው ያንተንም ልፋት ይመዘግብልሃል እኮ፣ ምን ያስፈራሃል? ያው አዋጅ ስለ እኛ የሚለውን ደግሞ አንብበው። በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ወዲያው ሊሰናበት ይችላል። ከባድ ነው፣ አውቀነው ገብተናል። ደሞዝ መቁረጥ ግን አለቃ በተናደደ ቁጥር የሚሆን ነገር አይደለም። ወይ ሕግ፣ ወይ ኅብረት ስምምነት፣ ወይ የሥራ ደንብ፣ ወይ ፍርድ ቤት፣ አለዚያም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፣ እሱም ከወር ደሞዙ ከሲሶ አይበልጥም።

ከቂሊንጦ፦
እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ኦርደር አጣድፎን የስፌት መስመራችን (ላይን) ኃላፊ ጃኬቷን አውልቃ ኦቨርሎክ ስፌት ማሽን ላይ ቁጭ አለች። ቀኑን ሙሉ እጅጌ ስትገጥም ዋለች፣ ክሩ እየተበጠሰባት፣ አጠገቧ ያለችው ልጅ መርፌውን እያሰካችላት። ምሳ ሰዓት ከእኛ ጋር ተሰልፋ ሽሮዋን በላች። እሁድ ግቡልኝ ስትል የቀረ ሰው አላየሁም። የሚቀጣው ኃላፊ ሲጠራን ግን ግማሹ የሕክምና ወረቀት ይዞ ነው የመጣው።

ከአቃቂ፦
እኔ ስፌት ላይ ከተቀመጥኩ ጭነቱን ማን ይከታተላል? ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው። አሻራውን ግን እሺ፣ እሱ ላይ የምከራከርበት የለኝም።

ከቱሉ ዲምቱ፦
ስፋልን አላልንህም ወንድሜ። ለምን አረፈድሽ ብሎ የሚቀጣት ሰው እሱ ራሱ ስንት ሰዓት እንደገባ ይታወቅ ነው ያልኩት። የተቆረጠባት እንዲመለስላት ዛሬ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል አመልክተናል። መልሱን እዚሁ እጽፋለሁ።