አራት አሊ በአንድ ፈረቃ

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ናችሁ? ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል። ሳቁና መልሱልኝ።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሠራተኛው ዝርዝር ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በ«ሰርኔም»፣ በቤተሰብ ስም ማለት ነው። ሰርኔም የሚለው ቦታ ላይ የአባታችንን ስም ሞሉበት። ከዚያ ወዲህ የኔ ስም ጠፍቶ «ሚስተር አሊ» ሆኛለሁ። አሊ እኮ አባቴ ነው። ሰውየው ሀርቡ ቁጭ ብሎ ማሽላውን ከወፍ ይጠብቃል፤ እዚህ በስሙ የሌሊት ፈረቃ ይገባል።

በኔ ፈረቃ ብቻ አራት አሊ አለን። አንዱ የባቲ ልጅ ነው፣ አንዱ የደጋን፣ አንዱ የደሴ። ባለፈው ወር የኔ ኦቨርታይም ከደጋኑ አሊ ደመወዝ ጋር ገባ። ሳመለክት ሱፐርቫይዘሩ፣ የውጭ ሰው ነው፣ «ወንድማማች አይደላችሁ? ተካፈሉት» አለኝ። ወላሂ እየቀለደ አልነበረም! አይደለንም ስለው ስልኩን አውጥቶ የራሱን የቤተሰብ ስም አሳየኝ። በሱ ስም የሚጠራ ጄኔራል አለ፣ ዘፋኝ አለ፣ መንደር አለ፣ ወንዝ ሳይቀር አለ። «ያንተስ?» ሲለኝ ምላሴ ተሳሰረ።

እና በአሊ ስም ምን የሚወራ ሰው አለ? ቦታስ? ደግሞስ የአባት ስም ሰርኔም ነው እንዴ?

ጦሳ ሥር

መጀመሪያ ኦቨርታይምህን አስመልስ። ታሪኩ የትም አይሄድም።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ ሰው ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። አባታቸው የወረሂመኖው ኢማም አሊ ናቸው፤ በፈረስ ስማቸው አባ ቡላ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ስማቸው ሚካኤል ሆነ፣ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ዘውድ ጫኑ። አሜሪካዊው ቦክሰኛ ካሲየስ ክሌይ የሚለውን ጥሎ መሐመድ አሊ የተባለው በ1956 ዓ.ም. ነው። «የኛው ሰው አውልቀው የሰቀሉትን ስም ሰማንያ ስድስት ዓመት ቆይቶ አሜሪካዊው ለበሰው» እያልኩ ተማሪዎቼን አስቅ ነበር። ሁለቱ አይተዋወቁም፣ ግን ክፍሉ ይነቃል።

የቦክሰኛውን ልጅ ሌይላን ተመልከት። እሷም ቦክሰኛ ናት፣ ሌይላ አሊ ትባላለች። አያቷ ግን አሊ አይደለም፣ ካሲየስ ነው። ኮምቦልቻ ብትወለድ ሌይላ መሐመድ ካሲየስ ነበረች። የነሱ ሰርኔም ከአባት ወደ ልጅ ሳይቀየር ይወርዳል፤ የኛ የአባት ስም አንድ ትውልድ አገልግሎ ወደ አያት ስም ይገፋል። ሦስተኛው ላይ ከመታወቂያም ይወጣል። ስለዚህ ጥያቄህን ልመልስ፦ አይደለም።

ወይዘሮ ስኂን የተማራችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በስኂን ሚካኤል ነው። ጃንጥራር አስፋውን አግብተውም ስኂን ሚካኤል ናቸው። ልጃቸው እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። እቴጌይቱ ተፈሪ መኮንንን አግብተውም መነን አስፋው እንደሆኑ ቀሩ። እናት፣ ልጅ፣ አማች፣ አንድ ቤተሰብ፤ በ«ሰርኔም» ብትፈልጋቸው ግን ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ልጅ ኢያሱንና ወይዘሮ ስኂንን ያገናኘሃቸው እንደሆነ ደግሞ ሁለቱም «ሚካኤል»። እዚህ ላይ ሱፐርቫይዘርህ ትክክል ነው፣ እውነትም የአንድ አባት ልጆች ናቸው!

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ፣ እኔን የሚያስደስተኝ እሱ ነው። በአፋን ኦሮሞ «ወረ» ማለት የእገሌ ቤተሰብ፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው። ወረባቦ የባቦ ቤት ነው። ወረኢሉ የኢሉ ቤት፣ ወረሂመኖ የሂመኖ ቤት። አንተ የምትኖርበትን ቃሉንም የድሮ ሰዎች ወረ ቃሉ ይሉት ነበር። ምኒልክ የሸዋን ጦር በመስከረም 1888 ዓ.ም. «ወረይሉ ከተህ ላግኝህ» ያሉት እኮ በቤተሰብ ስም የሚጠራ አገር ላይ ነው። እንግዲህ ቅጹ ላይ የሚጠየቀውን የቤተሰብ ስም እኛ ሰዎቹ አልያዝነውም፤ ወረዳዎቹ ይዘውታል።

ኮምቦልቻን ግን በዚህ ውስጥ አታስገባው። እሱ የሰው ስም ሳይሆን የዛፍ ስም ነው፣ በአማርኛ አጣጥ የምንለው። ሞክሼም አለው፣ ሐረርጌ ውስጥ።

ሯጭ ያልሆነ የሩጫ ሰው

መምህር፣ እጅ ነስቻለሁ። እኔ ደግሞ የዲባባን ነገር ልጨምር። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ የበቆጂ እህትማማቾች ናቸው። ማሬ ዲባባ ግን ዘመዳቸው አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ የዓለም ማራቶን ስታሸንፍ አብሮኝ ሲያይ የነበረ ፈረንጅ «አራተኛዋ እህት!» ብሎ ዘለለ። አባቶቻቸው ዲባባ ከመባል በቀር የሚያገናኛቸው የለም ብለው «እንዴት ይሆናል?» አለ። የቀነኒሳ በቀለንና የታሪኩ በቀለን ነገር ስነግረው ደግሞ ጭራሽ ተምታታበት። እነሱ ወንድማማች ናቸዋ።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ዛሬ ሻይ ሰዓት ላይ ለሱፐርቫይዘሩ ወረባቦን በካርታ አሳየሁት። «ታዲያ የናንተ ቤት የታለ?» አለኝ። ሀርቡን አሳየሁት፣ የማሽላው ማሳ ግን በካርታ አይታይም።

ኦቨርታይሙ ተመልሷል። የደጋኑ አሊ ራሱ ቆጥሮ አምጥቶ ሰጠኝ፣ ምሳም ጋበዝኩት። እዚያው ምሳ ላይ አራታችን ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትን፤ ደመወዝ ሲገባ እየተያየን የማን የማን እንደሆነ የምንለይበት። ስሙን «ወረ አሊ» አልነው። ማታውን አባቱ ከበደ የሚባል ልጅ «እኔንም አስገቡኝ» ብሎ ጻፈልን። እስካሁን እየተነጋገርንበት ነው።