የአንዳንድ ዝነኞች ሞት የሚያስለቅሰን፣ የሌሎቹ ግን የማይነካን ለምንድን ነው?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ ዓሊ ቢራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ በአካል አግኝቼው የማላውቅ ሆኜ ሳለ፣ የሥጋ ዘመዴን መርዶ የሰማሁ ያህል አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናቸው ከእርሱ የማያንስ ሰዎች ሲሞቱ ግን «ነፍስ ይማር» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

መልስ (ሐረር፣ ጀጎል)፦ ሆርተንና ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተመልካች ከማያውቀው ሰው ጋር የሚመሠርተውን የአንድ ወገን ቅርበት አብራርተዋል። ይሁን እንጂ ዝና ብቻውን አያስለቅስም፤ እኔ እንደሚመስለኝ ወሳኙ ነገር ሰውየው በየትኛው ዕድሜያችን ወደ ቤታችን እንደገባ ነው። እናቴ ቡና እየቆላች የዓሊን ካሴት ትከፍት ነበር፤ ክሩ ሲላላ በእርሳስ እያጠነጠንን የምንመልሰው እኛ ልጆቹ ነበርን። እርሱ ሲሞት የተለየን ዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ያ ቤትም ጭምር ነው።

መልስ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ትዝታ ያለውን ድርሻ አልክድም፤ ነገር ግን ለቅሶ በባህላችን የጋራ መሆኑ የተዘነጋ ይመስለኛል። ዓሊ በዚህች ከተማ ተወልዶ፣ በኦሮምኛም በሐረሪም በሶማሊኛም ዘፍኖ፣ በዚህችው ከተማ ስለተቀበረ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አልቅሶለታል። በስልክ ላይ ብቻ ለምናነበው ሞት (በፌስቡክ ሻማ መለጠፍን ለቅሶ የሚሉም አይጠፉም) ማን ድንኳን ይጥላል?

ጠያቂ፦ የጥላሁን ገሠሠን ቀብር በ2001 ዓ.ም. የተከታተልሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነበር፤ ሐዘኑ ግን አልቀለለኝም። ስለዚህ ወደ ካሴቱ ምክንያት አደላለሁ።