በዛፍ ጥላ ሥር ሁልጊዜ ለምለም ሆኖ የሚያብብ መሬት ሸፋኝ ተክል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ሲሆን፣ የጓሮዬ ሰሜናዊ ክፍል በትልልቅ የኦክ ዛፎች ስለተጋረደ ሣር አልበቅል ብሏል። በብርዱ ወራት ቅጠሉ የማይረግፍና የሚያብብ ተክል ስፈልግ ቪንካ ማይነር የተባለውን ሰማያዊ አበባ ያለውን ሐረግ አየሁ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ለጥላ ይስማማል። ቁመቱ ከ15 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም፤ ግንዱም መሬት በነካበት ሁሉ ሥር እየሰደደ ባዶውን ቦታ ይሸፍናል።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ ያሉት እውነት ቢሆንም፣ ችግሩም ያው በፍጥነት መስፋፋቱ ነው። ቪንካ ከአውሮፓ የመጣ ተክል በመሆኑ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጫካዎች ገብቶ የአገሩን የዱር አበቦች ከሚያፍኑ ወራሪ ዕፅዋት ይቆጠራል። እኔ የምመርጠው በምሥራቅ አሜሪካ የሚገኙት የአፓላቺያን ተራሮች ተወላጅ የሆነውን፣ ፍሎክስ ስቶሎኒፌራ የተባለውን መሬት ሸፋኝ ተክል ነው፤ ቅጠሉ በብርዱ ወራት ለምለም ሆኖ ይቆያል፣ ብርዱ ሲያበቃ በጸደይም ሐምራዊ፣ ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ያወጣል። ቢጫ አበባ ከወደዱ ክሪሶጎነም የተባለ ሌላ መሬት ሸፋኝ ተክል አለ፤ ነገር ግን ብርዱ ሲጠና ቅጠሉ ሊጎዳ ይችላል።

ጠያቂው፦ ከአጥሬ ጀርባ ጫካ ስላለ ፍሎክሱን መርጫለሁ። መቼ ልትከለው?

መልስ፦ መስከረም ላይ ቢተክሉት ብርዱ ሳይገባ ሥር ይይዛል። የዛፎቹን ሥር እንዳይቆርጡ አፈሩን በጥልቀት ከመቆፈር ይልቅ ትንንሽ ጉድጓድ ብቻ አውጥተው፣ በቅጠል ብስባሽ ሞልተው በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ይትከሉ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ውኃ አይንፈጉት፣ ምክንያቱም ኦኮቹ እርጥበቱን ይሻሙታል። በኅዳር የሚረግፈው የኦክ ቅጠል ረጥቦ ከተከመረበት ያፍነዋልና በቀላል መጥረጊያ ያንሡለት።